ከአልጋ ሥር ጭራቅ ያስገባችው መምህርት

ጽጌ ጨለማ እንደምትፈራ በሰፈሯ የማያውቅ አልነበረም። የመራዊ ልጅ ናት፤ ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ባሕር ዳር ሺምብጥ ውስጥ በአንድ መዋዕለ ሕፃናት ታስተምራለች። ከባሏ ጋር በተከራየችው ግቢ ውስጥ ግን ከቤቷ እስከ ጓሮው ሽንት ቤት ያለችውን ሃያ እርምጃ፣ ከመሸ በኋላ በዝምታ አቋርጣት አታውቅም። እየዘፈነች ትሄዳለች፣ እየዘፈነች ትመለሳለች፤ ውስጥ ሆናም አታቋርጥም። ድምጿ ደግሞ ለዘፈን የተሠራ አይደለም። አንድ ቀን ሆዷን አሟት አራት ጊዜ ስትመላለስ ብታመሽ፣ የግቢው ባለቤት ሴትዮ በማግስቱ «እናንተ ቤት ሰርግ ነበር እንዴ?» ብለው ጠየቋት።

ባሏ አስናቀ የፋብሪካ ሠራተኛ ነው። በየሦስት ሳምንቱ የሌሊት ተራ ይደርሰዋል። ያን ሳምንት ጽጌ አምፖሉን አብርታ፣ ራዲዮኑን ከፍታ ትተኛለች። መብራት ከጠፋ ስልኳን ታነሣለች። አስናቀ ማሽኑ በሚንጫጫበት አዳራሽ መሀል አንድ ጆሮውን በእጁ ደፍኖ «አለሁ! አለሁ! ተኚ!» እያለ ይጮኻል። ባልደረቦቹም ነገሩ ገብቷቸዋል፤ ስልኩ በጠራ ቁጥር ተሰብስበው በአንድ ድምፅ «አለን! ተኚ!» ይሏታል። እሷም ትስቅና ትተኛለች።

እንግዲህ ይህቺ ሴት ናት፣ ሠላሳ አራት ሕፃናትን ጨለማ እንዳይፈሩ ልታስተምር የተነሣችው።

ነገሩ የጀመረው በበጎ አድራጊዎች ካርቶን ነው። ታኅሣሥ ላይ ከውጭ አገር የተላከ አንድ ካርቶን የሕፃናት መጽሐፍ ለትምህርት ቤቱ ደረሰ። ሥዕላቸው ዓይን ይይዛል፤ ወረቀታቸው እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ጽጌ ስትበረብር አንዱን አነሣች። ጨለማ ስለሚፈራ ልጅ ነበር። ዕቃ ቤቱ ወለል ላይ ቁጭ ብላ ሁለት ጊዜ ከዳር እስከ ዳር አነበበችው። ለልጆቹ ብዬ ነው አለች ለራሷ።

የከተራ ዕለት ልጆቹን ምንጣፍ ላይ ሰብስባ፣ እንግሊዝኛውን በአማርኛ እየመለሰች ማንበብ ጀመረች።

«አንድ ልጅ ነበረ። ለብቻው የሚተኛበት ክፍል ነበረው።»

ኪሩቤል የሚባል፣ ያልጠየቀው ጥያቄ የሌለ ልጅ፣ እጁን አወጣ። «ምን አጥፍቶ?»

«ምንም አላጠፋም። ክፍሉ ነው።»

«ለብቻው ያስተኙታል?»

«አዎ።»

ልጆቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። የገዛ ወንድሟን እግር አፏ ውስጥ አግኝታ የምትነቃ ልጅ ሞልታለች፤ ለብቻ መተኛት ምን ዓይነት ጥፋት ቢሠሩ የሚመጣ ቅጣት እንደሆነ ሊገምቱ አልቻሉም።

«ማታ ማታ» ብላ ቀጠለች ጽጌ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ከአልጋው ሥር አንድ ጭራቅ ይመጣ ነበር።»

«ከኛ አልጋ ሥር ድንች ነው ያለው» አለ ኪሩቤል።

«ከኛ የአክስቴ ሻንጣ!»

«ከኛ የተበላሸ ቴሌቪዥን!»

«ዝም በሉና ስሙ። ጭራቁ ዓይኑ ቢጫ ነበር። ጥፍሩ...» እዚህ ላይ ጽጌንም ታሪኩ ያዛት፤ ትከሻዋን ሰብስባ፣ ጣቶቿን ቆልምማ አሳየቻቸው። «ልጁ እግሩን ከብርድ ልብሱ ሲያወጣ፣ ጭራቁ ቀስ... ቀስ... ቀስ ብሎ እጁን...»

ደወሉ ተደወለ።

የከተራ ዕለት ስለሆነ ከወትሮው ቀድሞ ነበር የተደወለው። ወላጆች በር ላይ ተሰልፈው ቆመዋል፤ ታቦት ሊወጣ ነው፤ ማን መጽሐፍ ያስጨርሳል? ልጆቹ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ሮጡ። የጭራቁ እጅ አየር ላይ እንዳለ ቀረ። በማግስቱ ዓርብ ጥምቀት፣ ቅዳሜ ቃና ዘገሊላ፣ ከዚያ እሑድ። በታሪኩ መጨረሻ ጭራቁ መልካም ጠባይ ያለው፣ ከልጁ ጋር የሚጨባበጥ ሆኖ እንደሚገኝ የምታውቀው ጽጌ ብቻ ነበረች። እሷ ደግሞ በዓሉን መራዊ እናቷ ዘንድ ሄዳ ስትጨፍር ሰነበተች።

ሰኞ ጠዋት በሩ ላይ አንድ ትከሻው እንደ ቁም ሳጥን የሰፋ ሰው ጠበቃት። የኪሩቤል አባት መልካሙ ነው፤ በባሕር ዳርና በመራዊ መካከል ሚኒባስ ይነዳል። ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል።

«ቲቸር ጽጌ አንቺ ነሽ?»

«አዎ፤ እንደምን አደርህ?»

«አላደርሁም! አራት ሌሊት አላደርሁም! ከአልጋችን ሥር ያስገባሽውን ነገር ነይና አውጪልን።»

ጽጌ ለጊዜው አልገባትም። ሲገባት ደግሞ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ልጁ እኛ መሀል ካልተኛሁ አለ» አለ መልካሙ። «እሺ አልሁ። ከዚያ እግሬን ከብርድ ልብስ እንዳላወጣ ይጠብቀኛል። ባወጣሁ ቁጥር ይጮኻል። እናቱ በንዴት ድንቹን ከነጆንያው ጎትታ አወጣች፤ ይኸው ባዶ ነው እይ አለችው። አሁንማ ብሶበት ‹ቦታ ለቀቃችሁለት!› እያለ ያለቅሳል።»

ከመልካሙ ኋላ ሌሎች ወላጆችም ነበሩ። የአንዷ ልጅ አልጋውን ትቶ ጠረጴዛ ላይ ተኝቷል። የሌላዋ፣ አያቷን ከአልጋ ሥር ገብተው እንዲያድሩ ለምናለች፤ አያትየው ወገባቸው ባይዛቸው ኖሮ እሺ ሊሉ ነበር። እስከዚያ ዕለት ድረስ ከልጆቹ አንዳቸውም ከአልጋ ሥር ስላለው ነገር አስበው እንደማያውቁ ሁሉም መሰከሩ።

ርእሰ መምህሯ ወይዘሮ ቃለ ሕይወት ጽጌን ቢሮ ጠርታ በሩን ዘጋች። ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ «ቦታ ለቀቃችሁለት» የሚለው ትዝ አላትና ፊቷን በመዝገብ ሸፍና ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ሲወጣላት «ቢሆንም ጽጌ፣ አንድ ነገር አድርጊ። ለሳምንት እንዲህ ከቀጠለ ልጆቻቸውን ይወስዱብናል» አለቻት።

ጽጌ መጽሐፉን አንሥታ መጨረሻውን ለልጆቹ አነበበችላቸው። ጭራቁ ከልጁ ጋር ተጨባበጠ፣ ወተት ጠጡ፣ ተኙ። ልጆቹ በጥሞና አዳመጡ።

«አያችሁ? ጥሩ ነው።»

«የሱ ጥሩ ነው» አለ ኪሩቤል። «የኛው ግን ገና አልታወቀም።»

ጽጌ መጽሐፉን አጠፈችና እሷም ምንጣፉ ላይ ዘፍ አለች። «እሺ፤ እናንተው ንገሩኝ። ማታ ምንድን ነው የምትፈሩት?»

ጎርፉ ተለቀቀ። ምስማር ላይ የተሰቀለ ጋቢ ሰው ይመስላል። የውኃው ሮቶ ማታ ማታ ይውጣል። ቆጣሪው አንድ ቀይ ዓይን አለው። ከሐይቁ በኩል ጉማሬ ያጉረመርማል። ጽጌ ሮቶውንም ቆጣሪውንም እሷም እንደምትፈራ ልትናገር ጥቂት ቀርቷት ነበር። ከዳር የተቀመጠችው ወንጌላዊት ግን ዝም ብላ የሹራቧን ክር ትመዝዛለች።

«አንቺስ ወንጌላዊት? ከአልጋችሁ ሥር ምን አለ?»

«ጨለማ ነዋ» አለች ወንጌላዊት፣ እንዴት አታውቂም በሚል ድምፅ። «ቀን ቀን እዚያ ነው የሚተኛው። ሲመሽ ተነሥቶ ይወጣል።»

«ጭራቅስ?»

«ጨለማ ተኝቶ ጭራቅ የት ይገባል? ጠባብ ነው እኮ።»

ኪሩቤል ወደ እሷ ዞረና «ሌላስ የት ይተኛል?» ሲል ጠየቀ፤ አሁን ሁሉም ተንጫጩ። ጫማ ውስጥ! ከበሮ ውስጥ! እንስራ ውስጥ! ኪስ ውስጥ! የጉማሬ አፍ ውስጥ! ጽጌ ያሉትን ሁሉ በልቧ ያዘች። ማታ ቤቷ ገብታ ደብተር ከፈተች፤ መብራቱ በርቶ ሳለ እንዲህ ብላ ጻፈች፦

«ጨለማ ቀን ቀን የት ይውላል?
በአባባ ጫማ ውስጥ፣ እግሩን አጥፎ።
በከበሮ ሆድ ውስጥ፣ ጆሮውን ደፍኖ።
ጉማሬ አፏን ስትከፍት ብቅ ይልና ‹መሸ እንዴ?› ይላታል። ‹ገና ነው› ትለዋለች። አፏን ትዘጋለች።»

አስናቀ አነበበው። ደግሞ አነበበው። «ሥዕል ያስፈልገዋል» አለ።

«ማን ይሥልልኛል?»

«አጎቴ አሉ አይደል?»

አጎትየው ደቅ ደሴት የሚኖሩት የኔታ መርስዔ ኀዘን ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሲሥሉ የኖሩ፣ ሰባን ያለፉ ሊቅ ናቸው። ጽጌ በሴሚስተሩ ዕረፍት አንድ ደብተርና አንድ እሽግ የውኃ ቀለም ገዝታ፣ ወደ ደቅ የሚሄደው የሕዝብ ጀልባ ላይ ወጣች። ጀልባው በሽንኩርት፣ በጨው፣ በሁለት ፍየሎችና በአንድ አዲስ በር ተሞልቷል። በሩን የያዘው ሰውዬ አቁሞት ስለነበር፣ ወደ ኋላ ወንበር የሚያልፍ ሁሉ እየሳቀ ያንኳኳል፤ ሰውዬውም «ማነው?» ይላል። ጽጌ አንኳኩታ ስትገባ ከደስታዋ ብዛት አንድ ነገር ማሰብ ረሳች። ጀልባው የሚመለሰው በማግስቱ ነው። ደቅ ላይ የኔታ ቤት ደግሞ መብራት የለም።

የኔታ ደብተሩን አስጠግተው አነበቡ። ባለቤታቸው እማማ እናትዓለም ዓሣ እየጠበሱ ከጓዳ ያዳምጣሉ።

«ግሩም ነው» አሉ የኔታ። «አንድ ነገር ግን አስቀድመሽ ንገሪኝ። ይህ ጨለማ ደግ ነው ክፉ?»

«ምነው የኔታ?»

«በእኛ አሣሣል ደግ ከሆነ ፊቱ ወደ ተመልካቹ ነው፤ ሁለት ዓይን አለው። ክፉ ከሆነ በጎን ነው የምንሥለው፤ አንድ ዓይን ብቻ ይታያል። እንዲሁ መሀል የሚባል ነገር የለም። ስንት ዓይን ላድርግለት?»

ጽጌ ለልጆች የሚሆነውን ታውቃለች። በአፏ ግን ሁለት ማለት አቃታት። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ዓይን ሰጥታው ኖራለች።

«ሁለት... ሁለት ይሁን መሰለኝ።»

«መሰለኝ ተብሎ ዓይን አይሣልም።» የኔታ ብሩሻቸውን አስቀመጡ። «ደግሞም ያላየሁትን አልሥልም።»

«ሰይጣንን ሥለው የለ እንዴ? እሱን አይተውት ነው?»

ከጓዳ የእማማ እናትዓለም ሳቅ ተሰማ። የኔታም ሣቁ። «ሰይጣንንማ ከአባቶች ሥዕል ገለበጥሁት። ጨለማን ግን ማን ሥሎት ያውቃል? ሲመሽ ወጥተን እናየዋለን።»

«እኔም?»

«አንቺ አይደለሽ እንዴ ያመጣሽው?»

እራት ተበልቶ ጨለመ። ጨረቃ አልነበረችም። እማማ እናትዓለም የጽጌን እጅ ይዘው «ነይ ውጪ፤ አይነክስም» አሉና ጎትተው አወጧት። ሦስቱም ወደ ውኃው ዳር ወረዱ፤ ጽጌ ከመሀል ሆና ሁለቱንም ክንዶቻቸውን ጨምድዳ ይዛ፣ ሳይታወቃት እየዘፈነች። ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«በይ፤ ምን ይመስላል?» አሉ የኔታ።

«ምንም አይታየኝም።»

እማማ እናትዓለም ጎንበስ ብለው ፊቷን በእጃቸው ዳሰሱ። «ኧረ በስመ አብ! ዓይኗን ጨፍናለች እኮ!»

«ትጨፍን፤ የራሷን ጨለማ ይዛ መጥታ ነው» አሉ የኔታ። «ሲበቃት ትገልጠዋለች።»

ጽጌ ብዙ ቆየች። እንቁራሪቶቹ ይጮኻሉ፤ ውኃው ድንጋዩን ይልሳል። በመጨረሻ አንድ ዓይኗን ገለጠች፤ ቀጥሎ ሌላውን። የየኔታ ጥምጣም ከጎኗ ነጭ ሆኖ ይታያል። ሰማዩ ያን ሁሉ ከዋክብት ተሸክሞ ሐይቁ ላይ ተደፍቷል። ወደ ደቡብ፣ ሩቅ፣ የባሕር ዳር መብራት እንደ ተዳፈነ ፍም ቀልቶ ይታያል። ጨለማው ጥቁር አልነበረም። ሰማያዊ ነበር፤ ገና ያልታጠበ፣ የአዲስ ጥለት ዓይነት ሰማያዊ። «ጥቁር አይደለም» አለች ቀስ ብላ። «የኔታ፣ ጥቁር እኮ አይ...»

«ፍርርርርርፍ!» አለ ከውኃው ውስጥ አንድ ነገር፣ ከእግራቸው ብዙም ሳይርቅ።

ጽጌ እንዴት እንደተነሣች አታውቅም። የምታውቀው የኔታ ጭን ላይ እንደተቀመጠች፣ አንገታቸውን አንቃ፣ ጥምጣማቸው ዓይኗ ላይ ተፈትቶ እንደነበር ነው። እማማ እናትዓለም ደግሞ ከድንጋዩ ወደ ኋላ ተንሸራተው ሣሩ ላይ ቁጭ ብለዋል።

«ጉማሬ ናት» አሉ የኔታ በታነቀ ድምፅ። «‹ገና ነው› እያለች ነው።»

መጀመሪያ የሳቁት እማማ እናትዓለም ናቸው። ከዚያ ጽጌ ጀመረች፤ ማቆም አቃታት። ሆዷን ይዛ፣ እንባዋ እየወረደ፣ በዚያ ሁሉ ጨለማ መሀል ሣሩ ላይ ተንከባለለች። ሳቋ ጋብ ሲል ጉማሬዋ እንደገና ፍርርርፍ አለች፤ ሦስቱም እንደ አዲስ ጀመሩ። ከላይ ከመንደሩ አንድ ሰው «ማነው እሱ? በሰላም ነው?» ብሎ ተጣራ። «ሥዕል እየሣልን ነው!» ብለው መለሱለት የኔታ። ሰውዬው ሌላ አልጠየቀም።

ወደ ቤት ሲመለሱ ጽጌ «ሁለት ዓይን» አለች። «ትልልቅ።»

የኔታ ሌሊቱን በኩራዝ፣ ጠዋቱን በፀሐይ ሣሉ። ጨለማን እንደ አንድ ወፍራም፣ ሰማያዊ ልጅ አደረጉት። ዓይኖቹ የጻድቃን ዓይኖች ናቸው፤ ትልልቅ፣ ጥርት ያሉ፣ ወደሚያያቸው ቀጥ ብለው የሚያዩ። እማማ እናትዓለም ራቁቱን እንዳይበርደው ብለው ስለተከራከሩ ጋቢ አለበሱት። በጫማው ገጽ ላይ አንዱ አውራ ጣቱ በተቀደደው በኩል ወጥቷል። በከበሮው ገጽ ላይ ዲያቆኑ ሲመታ እሱ ውስጥ ሆኖ ፊቱን አጨማድዷል። ጉማሬዋም ሁለት ዓይን ተሰጥቷታል።

ከደቅ መልስ ጽጌ ጭራሽ ደፋር ሆነች ብል ውሸት ነው። ነገር ግን በሚቀጥለው የሌሊት ተራ ሳምንት መብራት ሁለት ጊዜ ጠፋ፤ ሁለቱንም ጊዜ ስልክ አልደወለችም። በሦስተኛው የአስናቀ ባልደረቦች ተጨንቀው እነሱ ደወሉ። «ምን ሆነሽ ነው?» አሏት። እንቅልፍ ላይ ነበረች፤ ስለቀሰቀሷት ተቆጣቻቸው።

መጽሐፉን ያሳተመችው ብሩክ የሚባል ወጣት ዘንድ ነው። ማተሚያ ቤቱ አንድ ክፍል ናት፤ ሥራውም ከሞላ ጎደል የሠርግ ጥሪ ካርድ ነው። ብሩክ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ ካየ በኋላ ሰማያዊውን ልጅ በጣቱ ጠቆመና «ሙሽራው ይሄ ነው?» አላት። ሠላሳ አምስት ቅጂ አዘዘች። ስትረከብ የላይኛውን ከፈተች፤ ቀለሙ ያው የየኔታ ነው፤ ፊደሉ ጥርት ብሏል። የመጨረሻው ገጽ ላይ ግን ዓይኗ ተተከለ። ጨለማው በር ላይ ቆሞ እጁን ሲያውለበልብ በሚያሳየው ሥዕል ሥር፣ እሷ ያልጻፈችው አንድ መስመር በወርቃማ ቀለም ታትሟል፦ «ጥሪያችንን አክብራችሁ ስለተገኛችሁ ከልብ እናመሰግናለን።»

«ብሩክ!»

ብሩክ አየና ራሱን ያዘ። ከሠርግ ካርዱ ናሙና ላይ ሳይጠፋ የቀረ ነው። ሠላሳ አምስቱም ላይ አለ። ልጁ ሊያለቅስ ደረሰ፤ እንደገና ላትምልሽ አላት። ጽጌ ግን መስመሩን ሌላ ጊዜ አነበበችው፤ ከዚያ ደግሞ ሌላ ጊዜ፤ በሰማያዊው ልጅ አፍ። «ተወው» አለች። «ጨዋ ልጅ ነው።»

የንባቡ ዕለት ወላጆች ሁሉ ተጠሩ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው፤ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ጽጌ የክፍሉን መስኮቶች በጋቢና በብርድ ልብስ ሸፈነች፤ አስናቀ በር ላይ ሆኖ ቀዳዳውን ሁሉ በካርቶን ደፈነ። መጽሐፉን በተከፈተው በር ብርሃን አንብባ ጨረሰች፤ ጉማሬዋ ጋ ስትደርስ ራሷ «ፍርርርፍ» አለች፤ ልጆቹ በሣቅ ወደቁ። የመጨረሻዋ የወርቅ መስመር ስትነበብ ደግሞ ወላጆቹ አጨበጨቡ። ኪሩቤል ተነሥቶ «ምንም አይደል!» ብሎ ለሥዕሉ መለሰ።

«አሁን እንጠራዋለን» አለች ጽጌ። «ከተደበቀበት ይምጣ። አስናቀ፣ በሩን ዝጋ።»

በሩ ተዘጋ። ክፍሉ ድቅድቅ አለ። ሠላሳ አራት ሕፃናት «ና! ና! ና!» እያሉ በሹክሹክታ ይጣራሉ። አንዷ «መጣ፤ ጋቢው ነካኝ» አለች። ኪሩቤል «ጫማዬ ውስጥ እየገባ ነው፤ ኮረኮረኝ» አለ። እንዲህ ባለ ደስታ መሀል ከኋላ በኩል አንድ ጩኸት ተነሣ። ወፍራም ጩኸት፤ ቀጥሎ የወንበር መገልበጥ፤ ቀጥሎ አንድ ትልቅ አካል እየተደነቃቀፈ መጥቶ የጽጌን ክንድ በሁለት እጁ ጨበጠ።

«ማነው?» አለች ጽጌ።

«እኔ ነኝ» አለ ድምፁ በጣም ቀስ ብሎ። «መልካሙ።»

«ምነው?»

«ዝም በይ፤ እባክሽ። ክፈቱት በይ።»

አስናቀ በሩን ከፈተ። ብርሃን ገባ። የመራዊው ሹፌር፣ ያ ትከሻው እንደ ቁም ሳጥን የሰፋው ሰው፣ ላብ አጥምቆት የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ክንድ ላይ ተንጠልጥሎ ቆሟል። ወላጆቹ መሣቅ ይፈቀድ አይፈቀድ አልታወቃቸውም። ጽጌም ፊቷ ቀላ፤ ምን እንደሚባል የምታውቅ ግን እሷ ብቻ ነበረች። «እኔም እፈራለሁ» አለች ጮክ ብላ። «እስካሁን። ሽንት ቤት ስሄድ እዘፍናለሁ።»

«ባሏ ነኝ፤ እመሰክራለሁ!» አለ አስናቀ ከበሩ።

አሁን ቤቱ በሣቅ ፈረሰ። ከሣቁ መሀል አንድ አባት እሱም ሚኒባስ ውስጥ ለብቻው አምሽቶ እንደማያውቅ ተናገረ፤ አንዲት እናት ከቆጣሪው ቀይ ዓይን ላይ ፕላስተር ለጥፋ እንደምታድር አመነች፤ ወይዘሮ ቃለ ሕይወት እንኳ የውኃውን ሮቶ በተመለከተ አንድ ሁለት ቃል ጣል አደረገች። ኪሩቤል አባቱን እጁን ይዞ ምንጣፉ ላይ ከጎኑ አስቀመጠውና መጽሐፉን ጭኑ ላይ ዘረጋለት። «አባባ፣ ይኸውልህ፤ ሁለት ዓይን አለው። አየህ? ጥሩ ሲሆን ነው ሁለት። የመጀመሪያውን ገጽ አንተ አንብበው፤ ጉማሬውን እኔ እላለሁ።»

መልካሙ አነበበ። ድምፁ ለመጽሐፍ ንባብ የተፈጠረ ሆኖ ተገኘ። በዚያው ሳምንት ሁለት ቅጂ ለምኖ አንዱን ለቤቱ፣ አንዱን ለመኪናው ወሰደ፤ የመራዊ መንገደኞች መኪናዋ እስክትሞላ ድረስ «ጨለማ ቀን ቀን የት ይውላል?» ሲነበብላቸው መጠበቅ ጀመሩ። ከዱርቤቴ ለገበያ የመጣች አንዲት ሴት ተርታ ይዛ አዳመጠችና «ለልጄ እፈልገዋለሁ» ብላ ስሙን በእጅ ስልኳ አስጻፈች። ብሩክ እንደገና ማተም ግድ ሆነበት። የወርቋን መስመር ላጥፋት ወይ ብሎ ጠየቀ፤ ጽጌ አይሆንም አለችው።

ከአልጋ ሥር ያለው ነገር ግን በዚህ አላበቃም። በንባቡ ማግስት ወንጌላዊት አንዲት የክብሪት ቤት በሁለት እጇ ይዛ ገባች።

«ምንድን ነው እሱ?» አለቻት ጽጌ።

«ጨለማ» አለች በሹክሹክታ። «ትንሽዬውን ነው ያመጣሁት። ቤት ብቻውን ይደብረዋል።»

በሁለተኛው ቀን ስድስት ልጆች ይዘው መጡ። በሦስተኛው ክፍሉ ሞላ። የሻይ ቅጠል ቆርቆሮ አለ፤ የጫማ ካርቶን አለ፤ ክዳኗ በክር የታሰረች ትንሽ ድስት አለች። ኪሩቤል የድንቹን ጆንያ አፉን ቋጥሮ በአባቱ ትከሻ አስመጣው፤ መልካሙ ጆንያውን በጥንቃቄ መሬት ላይ አሳረፈና «ከባድ ነው» ብሎ ወጣ። ሕጉ አንድ ነው፤ ማንም አይከፍትም። ከተከፈተ ያመልጣል።

ወይዘሮ ቃለ ሕይወት ግን ሕጉን አልሰማችም ነበር። ለጉብኝት ብላ ገባች፤ መደርደሪያው ላይ የተደረደረውን አየች፤ አንዱን የጫማ ካርቶን አነሣችና ምን ይሆን ብላ ክዳኑን ከፈተችው። ባዶ ነው።

«አስመለጡት!» ብሎ ክፍሉ ተናወጠ። የካርቶኑ ባለቤት ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ለቅሶዋን ለቀቀችው። ርእሰ መምህሯ ክዳኑን እንደያዘች ቀረች፤ ወደ ጽጌ ዞረች፤ ጽጌ ከንፈሯን ነክሳ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች።

«ሌላ ይተኩላት» አለ ኪሩቤል።

«ከየት ላምጣ?»

«ቦርሳዎ ውስጥ አለ እኮ!»

ወይዘሮ ቃለ ሕይወት ቦርሳዋን አየች። ዚፑን እስከ ጫፍ ዘግታ ለልጅቷ አስረከበቻት፤ ልጅቷም ደረቷ ላይ አቅፋ ዝም አለች። እስከ መውጫ ሰዓት እንዳይከፈት ተባለ። ወዲያው ቦርሳው ውስጥ ስልክ መጥራት ጀመረ። ጠራ፣ ጠራ፣ ቆመ፤ ደግሞ ጠራ። ርእሰ መምህሯ እጇን ብትዘረጋ ሠላሳ አራት ጣቶች በአንድ ላይ አፍ ላይ ተጫኑ፤ «እሽሽሽ! ተኝቷል!»

ጽጌ ከዚህ በላይ አልቻለችም። ወደ ውጭ ወጥታ ግድግዳውን ተደግፋ፣ በጠራራው ፀሐይ፣ ከት ብላ ሳቀች።